የፈረስ አፍና የሰው እጅ

ልጓም በቅዱሳት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ለምሳሌ ይጠቀሳል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ስለ አንደበት ሲያስተምር የፈረስን ልጓም አንሥቶአል፤ ነቢዩ ዳዊትም በ31ኛው መዝሙር ማስተዋል የጎደለውን ሰው ከፈረስና ከበቅሎ ጋራ ሲያነጻጽር ልጓምን ጠቅሶአል። ስለዚህም መምህራን በጉባኤ ቤትም ሆነ በዐውደ ምሕረት ልጓም ምን እንደሚሠራ፥ ትንሽ ብረት ትልቁን እንስሳ ወዴት እንደምትመልሰው ሲተረጉሙ ኖረዋል። ነገር ግን ያች ብረት በመጀመሪያ ወደ ፈረሱ አፍ እንዴት እንደምትገባ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ምሳሌውን የምናውቀውን ያህል ነገሩን አናውቀውም።

ነገሩ ግን ሊታወቅ የሚገባው ነው። ፈረስ በጉልበት ከሰው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ራሱን ሽቅብ አንሥቶ ጥርሱን የገጠመ እንደ ሆነ፥ አንድ ሰው በክንዱ ብርታት ብቻ ሊለጉመው አይችልም። እንግዲህ ሰው ፈረስን የለጎመው በኃይል ሳይሆን በሌላ ነገር ነው። ያ ሌላው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ በየዘመኑም እንዴት እንደ ታወቀና እንዴት እንደ ተረሳ ማሳየት የዚህ ጽሕፈት አሳብ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። በግእዝም በአማርኛም ልጓም ይባላል፤ ዐረቦች ሊጃም፥ ፋርሶች ለጋም፥ ኦሮሞዎች ሉጋማ ይሉታል። ከዚህ እንደምናየው ፈረስ በሄደበት አገር ሁሉ ብረቱ፥ ብረቱም በሄደበት ሁሉ ስሙ አብሮ ተጉዟል። በቋንቋችንም ከዚሁ ቃል ለጎመ የሚለው ግስ ወጥቶ፥ መናገር ሲገባው ዝም ያለውን ሰው አፉን ለጎመ እንለዋለን።

ፈረስ ልጓም የሚያርፍበት ስፍራ በተፈጥሮው አለው። ሣር የሚነጭባቸው የፊት ጥርሶቹና እህል የሚያደቅባቸው መንጋጋዎቹ ተያይዘው የበቀሉ አይደሉም፤ በመካከላቸው ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ። ብረቱ የሚጋደመው በዚያ ላይ ነው። ይህ ባዶ ስፍራ ባይኖር ኖሮ ፈረስን በአፉ መምራት ባልተቻለም ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ስፍራ አጥንቱን የሸፈነው ሥጋ እጅግ ስስ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ መሳብ ለፈረሱ ትልቅ ቃል ይሆንበታል፥ ክፉ መሳብም ትልቅ ሕመም ይሆንበታል። ሰው ፈረስን የሚመራበት በርና ፈረስን የሚያቈስልበት በር አንድ ነው።

ፈረስ ልጓም እንቢ የሚልበት ምክንያትም ከዚህ ይገኛል። አንዳንዱ በመንጋጋው ፊት ለፊት የምትበቅል ትንሽ ትርፍ ጥርስ አለችውና ብረቱ ሲነካት ያመዋል። አንዳንዱ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱን እየጣለ ሌላ ስለሚያበቅል ድዱ ይታመማል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ፈረስን መግራት የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜው ነው። ሌላው የከንፈሩ ማዕዘን ቈስሎአል፤ ሌላው በችኮላ ብረት ከጥርሱ ጋራ ተጋጭቶበት ያንን ሳይረሳ ይኖራል፤ ሌላው ጠፍሩ ሲያልፍ ጆሮው ታጥፎበታል። ፈረስ ቂም የማይዝ እንስሳ ቢመስልም የተጐዳበትን ስፍራና የጐዳውን እጅ አይረሳም። እንግዲህ ባለቤቱ ‹‹ይህ ፈረስ ክፉ ነው›› ሲል፥ ፈረሱ በበኩሉ ስለ አንድ ያለፈ ቀን እየመሰከረ ይሆናል።

የልጓም ታሪክ ረጅም ነው። ሰው አስቀድሞ በገመድና በጠፍር፥ በአጥንትና በቀንድ ይጠቀም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነሐስና ብረት መጡ። በኔጌብ ምዕራብ ቴል ሐሮር በሚባል ስፍራ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ የነሐስ ልጓም፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1700 እስከ 1550 ባለው ዘመን የተሠራ ነው። የሚያስደንቀውም ልጓሙ የተገኘው በፈረስ አፍ ሳይሆን በአህያ አፍ መሆኑ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ ልጓም የሠረገላ፥ ኋላም የፈረሰኛ ጦር ዋና ዕቃ ሆኖ ኖረ።

ፈረስን መለጐም እንዴት እንደሚገባ በዝርዝር ጽፈው ካስተላለፉልን ከጥንት ሰዎች ዋነኛው የአቴናው ክሴኖፎን ነው። እርሱ የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረ፥ በፋርስ ምድርም ጦር የመራ ሰው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ የባልደራሱን እጆች አንድ በአንድ ይቈጥራል። ባልደራሱ በግራ ወገን ይቀርባል፤ ዛቡን በፈረሱ ራስ አሳልፎ በማጅራቱ ላይ ያኖራል፤ በቀኝ እጁ የራሱን ጠፍር ያነሣል፥ በግራ እጁ ብረቱን ወደ አፉ ያቀርባል። ፈረሱ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ። ካልተቀበለ ብረቱን በጥርሱ ላይ እንደ ያዘ የግራ እጁን አውራ ጣት ጥርስ በሌለበት ስፍራ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ብዙዎች ፈረሶች በዚህ ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ። እንደዚህም ሆኖ እንቢ ካለ ከንፈሩን በክራንቻ ጥርሱ ላይ ይጫነዋል፤ ይህን የሚቋቋም እጅግ ጥቂት መሆኑን ክሴኖፎን ይመሰክራል። ከዚህ አልፎ ወደ በትር አልሄደም።

የዚሁ ሰው ሌላ ምክር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነው። ፈረስን ለድካም በምታወጣው ጊዜ ብቻ አትለጉመው፥ ወደ ገፈራው ስትወስደውና ከሥራ በኋላ ወደ ቤት ስትመልሰውም ለጉመው ብሎ ያስተምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጓም ባየ ቁጥር ድካም ብቻ የሚያገኝ ፈረስ ልጓምን ይጠላል፤ ከልጓም በኋላ ገብስና ዕረፍት እንደሚመጣ ያወቀ ፈረስ ግን ብረቱ ሲቀርብለት ራሱ ይጐርሰዋል። በዚያም ዘመን ለስላሳና ሻካራ የሆኑ ሁለት ዐይነት ልጓሞች እንደ ነበሩ ከመጽሐፉ እንረዳለን። በግድ የሚሠራ ፈረስ የሚሠራውን ሳያስተውል እንደሚሠራም ጽፎአል።

በዚያው መቶ ዓመት የነበረው የመቄዶንያው እስክንድር ታሪክም ከዚህ ጋራ ይስማማል። የእስክንድር ዜና በግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን ሲነበብ ስለ ኖረ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ጸሓፊው ፕሉታርክ እንደ ተረከው፥ ቡኬፋሎስ የሚባለውን ፈረስ ማንም ሊቀርበው ባልቻለ ጊዜ ብላቴናው እስክንድር ፈረሱ የገዛ ጥላውን እየፈራ መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ዛቡን ይዞ ፊቱን ወደ ፀሐይ መለሰው፤ ጥላው ከኋላው ሆነ፤ ፈረሱም ጸጥ አለ። ከተቀመጠበትም በኋላ አፉን ሳይቀድና ሳይመታው በልጓሙ በዝግታ ያዘው። ሌሎቹ ሁሉ ፈረሱን ይመለከቱ ነበር፤ እርሱ ግን ፈረሱ የሚመለከተውን ተመለከተ። ጥበቡ በሙሉ ይኸው ነው።

ልጓም ከጦር ዕቃነት አልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የገባበት ጊዜም አለ። ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ካገኘች በኋላ ከችንካሮቹ ለልጇ ለቈስጠንጢኖስ ፈረስ ልጓም እንዳሠራች የሚናገር ትውፊት አለ። ቅዱስ አምብሮስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ395 ለንጉሥ ቴዎዶስዮስ ባደረገው የኀዘን ንግግር ይህን ጠቅሶአል፤ የእኛም ክብረ ነገሥት የሮምን ንጉሥ የፈረስ ልጓም ከችንካሩ የተሠራ ጠላትን የሚያሸንፍ ዕቃ አድርጎ ያነሣዋል። ትርጓሜውን ለመምህራን እተዋለሁ። ለዚህ ጽሕፈት የሚጠቅመው፥ የጥንት ሰዎች ለንጉሥ የሚገባውን ስጦታ ሲያስቡ ዘውድንና ልጓምን አብረው ማሰባቸው ነው። ዘውዱ በሰው ራስ ላይ የሚሆን ነው፤ ልጓሙም ያ ሰው ኃይሉን ልክ እንዲያበጅለት የሚያስታውስ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ፈረስ የክብር እንስሳ ነው። መኳንንቱ ለመንገድ ሰጋር በቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ ግን ተስቦ ከኋላ ይከተላል፥ ጦርነት ወይም ጉግስ በሆነ ጊዜ ይቀመጡታል። ስለ ፈረስ ክብር በጎንደር ምስክር አለ፤ ከዐፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው ክብ ሕንፃ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው ይባላል። የጀግና ስምም ከፈረሱ ስም ጋራ ይተሳሰር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር ቃኘው ሻለቃ የተባለው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ፈረሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስሙ ባሕር ተሻገረ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የጌታው ስም ተጽፎአል፥ የፈረሱም ስም ተጽፎአል፤ ያንን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያለመደውና የመጀመሪያውን ልጓም ያጐረሰው ሰው ስም ግን በዜና መዋዕሉ የለም። ባልደራስ የሚባለው ሹም በቤተ መንግሥት የታወቀ ማዕርግ ነበረው፤ ከእርሱ በታች ያሉት ፈረስ ጠባቂዎች ግን ስም የለሽ ሆነው ቀርተዋል። በአድዋ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጋለበው ፈረሰኛ ሁሉ፥ ማልዶ ተነሥቶ ፈረሱን የለጎመለት አንድ እጅ ነበረው።

የአገራችን የጥንት ልጓም ጠንካራ ነው። በብዙ ስፍራ የተለመደው ባለ ቀለበት ልጓም ሲሆን፥ በአፍ ውስጥ ካለው ብረት ጋራ የተያያዘው የብረት ቀለበት የፈረሱን የታችኛውን መንጋጋ ከብቦ ይይዛል። ፈረሰኛው ዛቡን ጥቂት የሳበ እንደ ሆነ ብረቱ በላይ ላንቃውን፥ ቀለበቱ በታች አገጩን ይጨብጠዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ፈረሰኛው በቀኝ እጁ ጦር ይይዛል፥ በግራው ጋሻና ዛብ ይይዛል፤ በእግሩም አውራ ጣቱን ብቻ በትንሽ እርካብ አግብቶ ይቀመጣል። በጉግስ ሜዳ እየጋለበ ሳለ በድንገት ማቆምና መዞር አለበት። በሁለት ጣት የሚታዘዝ ፈረስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባለ ቀለበቱ ልጓም በረጋ እጅ ሲያዝ የታላቅ ጥበብ ዕቃ ነው፤ በችኩል እጅ ሲያዝ ግን አፍ ይሰብራል። ብረቱ በከበደ መጠን እጁ መቅለል ነበረበት፤ የቀድሞ ፈረሰኞች ይህን ያውቁ ነበር።

የወገን ነገርም አለ። የውጭ አገር ተጓዦች እንደ ጻፉት፥ ኢትዮጵያውያን ጐራዴያቸውን በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁ ስለ ነበር በፈረስ ላይ የሚወጡት በቀኝ በኩል ነው፤ አውሮፓውያን ግን በግራ በኩል ይወጣሉ። ፈረስ በአንድ ወገን የለመደውን በሌላው ወገን እንደ አዲስ ነገር ያየዋል። በቀኝ ለምዶ ያደገውን ፈረስ በግራ ቀርቦ ሊለጉመው የሚሞክር እንግዳ፥ ፈረሱ ቢደነግጥበት ጥፋቱ የፈረሱ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ በአገራችን ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ የሚበልጠው በ1763 ዓ.ም. የሆነው ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት ከጎንደር ተነሥቶ ሲሄድ፥ የዳሞትና የማይጻ ገዥ ወደ ነበረው ወደ ዋረኛ ፋሲል ሰፈር ደረሰ። በዚያም ለመቀመጫ አንድ ፈረስ ቀረበለት። ፈረሱ ያልተገራ፥ ሰው የሚጥል ነበር። ብሩስ በላዩ በወጣ ጊዜ ፈረሱ በፊት እግሩ እየተነሣ፥ በኋላ እግሩ እየረገጠ፥ እንደ አጋዘን እየዘለለ ሊጥለው ታገለ፤ ብሩስ ግን አልወድቅ ብሎ በኮረብታው እያስጋለበ ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ አደከመው። ፈረሱ ደክሞ መራመድ ተሳነው። ፋሲልም ክፉ ፈረስ መስጠቱን አላወቅሁም ብሎ ማለ፤ ባልደራሱንም ሊቀጣው ባለ ጊዜ ብሩስ ማለደለት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ከፊተኛው ይልቅ ይደንቃል። ፋሲል እንግዳውን ሲያሰናብት የገዛ ራሱን ፈረስ ሰጠውና እንዲህ ሲል መከረው፤ ይህን ፈረስ አንተ አትቀመጥበት፥ ኮርቻውንና ልጓሙን እንዳደረገ በፊትህ ንዳው፤ የማይጻ ሰው ይህን ፈረስ ካየ አይነካህም አለው። ብሩስም ያንን ባዶ ኮርቻ የተጫነ፥ የተለጐመ ፈረስ አስቀድሞ በሰላም አልፎ ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ታሪኩንም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1790 በኤዲንብራ ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈው።

በአንድ ሰፈር ሁለት ፈረሶች ታዩ ማለት ነው። የመጀመሪያው በኃይል ተሸነፈ፤ ነገር ግን ስለ ልጓም ምንም አልተማረም፥ ድካምን ብቻ ተማረ፤ በማግሥቱ ብርታቱ ሲመለስለት ክፋቱም አብሮት ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ግን የሚቀመጥበት ሰው ሳይኖር፥ ዛቡን የሚስብ እጅ ሳይኖር፥ ልጓሙን በአፉ ይዞ በጸጥታ ይሄድ ነበር። የአገሩም ሰው ያከበረው ይህን ሁለተኛውን ነው። የተለጐመ ፈረስ የጌታው ቃል ማለት ነበርና።

የአውሮፓ ሰዎችም በዚህ መንገድ ብዙ ስተው ብዙ ተመልሰዋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1550 የናፖሊው ፌዴሪኮ ግሪዞኔ ባሳተመው መጽሐፍ እንቢተኛ ፈረስ በጭካኔ እንዲቀጣ ያስተምር ነበር፤ ልጓሞቹም አስፈሪዎች ነበሩ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ፕሉቪኔል፥ የንጉሥ ሉዊ 13ኛ መምህር፥ ፈረስን በማባበልና በማመስገን ማስተማር እንደሚሻል አስተማረ። በ1858 ደግሞ ጆን ሬሪ የሚባል የአሜሪካ ገበሬ ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ፥ ክሩዘር የሚባለውን ሰው የሚነክስና በብረት አፈ ሙዝ ታስሮ ይኖር የነበረ ድንጉላ ፈረስ በጥቂት ሰዓት አለዘበው። ሬሪ ያስተማረው ፈረስ ክፉ የሚሆነው ፈርቶ ወይም ተጐድቶ ነው የሚለውን ነበር። ክሴኖፎን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጻፈውን ዓለም እንደ አዲስ ነገር አጨበጨበለት። እውቀት ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ዘመን የቀድሞውን ስሕተት ደግሞ ይሠራል።

የእኛስ ዘመን እንዴት ነው? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር የፈረስና የበቅሎ ከተማ ነበረች። ዙሪያዋ የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው፤ ቱለማም በፈረሰኝነቱ የታወቀ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ወገን ያለችውን መካኒሳን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ስሟ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ብሳና ማለት ነው፤ ከስሟ እንደምንረዳው የዛፍ ጥላ የነበረባት ስፍራ ናት። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሆና በቤትና በአስፋልት ተሞልታለች። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ፈረስ ደረጃ በደረጃ ከከተማይቱ ወጣ፤ ከመኳንንቱ ደጅ ወደ ጃን ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም፥ ከዚያም ወደ ጋሪ ወረደ፤ ጋሪውም ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች ወጣ። በመካኒሳ የተወለደ የዛሬ ልጅ ‹‹ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም›› የሚለውን ምሳሌ ይናገራል፤ ፈረስን ለጉም ቢሉት ግን እጁን ወዴት እንደሚያኖር አያውቅም።

በዚህ ብቻ ቢቀር ኀዘኑ የእኛ ብቻ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ኀዘኑ የፈረሱም ነው። ኢትዮጵያ በፈረስ ብዛት በአፍሪካ የመጀመሪያይቱ ናት። ተመራማሪዎች የአገሩን ፈረስ በስምንት ወገን ከፍለውታል፤ ከእነዚህም የሰላሌ፥ የባሌ፥ የቦረና፥ የሆሮ፥ የከፋ ፈረሶች ይገኛሉ፤ በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ደግሞ ልጓም ሳያውቁ በዱር የሚኖሩ አሉ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ በገጠር ይጫናሉ፥ በየከተማው ዳርም ጋሪ ይስባሉ። የእንስሳት ሐኪሞች የጋሪ ፈረሶችን በመረመሩ ጊዜ ጠፍር ያመጣው የጀርባና የደረት ቍስል፥ በከንፈር ማዕዘንም ልጓም ያመጣው ቍስል የተዘወተረ ሆኖ አግኝተዋል። ባለ ጋሪው ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም፤ የዕለት እንጀራው ከዚያ ፈረስ ነውና። ነገር ግን ፈረሱን ከገበያ ገዝቶ በሳምንቱ ወደ ሥራ ያስገባዋል፤ ከማን ይማር? ባልደራሱ ሞቶአል፥ ደቀ መዝሙርም አልተወም። ብረቱ ቀረ፥ እጁ ጠፋ።

እጁ በሙሉ ጠፍቶአል ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ብሩስ ባለፈበት በአገው ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኛው በሺህ እየተቈጠረ ፈረሱን በጌጥ አሸልሞ ይወጣል፤ አባቶች በአድዋና በጣልያን ወረራ ጊዜ ከፈረሶቻቸው ጋራ የሠሩትን ያስባል። በዚያ ቀን የሚያየው ሰው ጌጡንና ግልቢያውን ያደንቃል። ማድነቅ የሚገባው ግን ከዚያ በፊት በየጓሮው የሆነውን ነው፤ አባት ለልጁ ‹‹ቀስ በል፥ አታስደንግጠው›› እያለ ያስተማረበትን ንጋት።

የጥንቱ ትምህርትና የዛሬው የእንስሳት ሕክምና የሚስማሙበትን አሳጥረን እንጻፍ፤ ፈረስ ያለው ሰው ይጠቀምበት ዘንድ። መጀመሪያ አፉን ማየት ነው፤ ቍስል ወይም የታመመ ጥርስ ካለ እስኪድን ድረስ ልጓም አይግባለት። ሁለተኛ፥ ወደ ፈረሱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ትከሻው፥ በለመደው ወገን፥ ድምፅ እያሰሙ መቅረብ ነው፤ እንዳያመልጥም ገመዱ በአንገቱ ላይ ይቈይ። ሦስተኛ፥ አንገቱንና ጆሮውን እያሻሹ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ማልመድ ነው፤ ራሱን ሰቅሎ የቆመውን ፈረስ ተንጠራርቶ ለመለጐም የሚታገል ሰው ራሱን መስቀልን ያስተምረዋል። አራተኛ፥ ብረቱ በደጋ ብርድ ያደረ ከሆነ በእጅ ጨብጦ ማሞቅ ነው፤ ማር ወይም ጥቂት ጨው ቢቀባ ደግ ነው።

ከዚህ በኋላ አንዱ እጅ የራሱን ጠፍር ይዞ በጆሮዎቹ መካከል ያርፋል፥ ሌላው እጅ ብረቱን በመዳፍ አጋድሞ ወደ ከንፈሩ ያቀርባል። ፈረሱ ካልከፈተ አውራ ጣት በከንፈሩ ማዕዘን ጥርስ ወደሌለበት ድድ ይግባ፤ በዚያ ይቈይ፥ አይቸኵል። ሲከፍት ብረቱ ጥርሱን ሳይመታ ይግባ፤ ጆሮዎቹም አንድ በአንድ፥ ሳይታጠፉ፥ ከጠፍሩ በታች ይለፉ። ከዚያ ማመስገን ነው። እንቢ ብሎ ቢያፈገፍግ አብሮት መሄድ እንጂ መምታት አይገባም፤ የተመታ ፈረስ ሁለት ነገር ይጠላልና፥ ብረቱንም እጁንም። በመጨረሻም ብዙ ሰው የሚዘነጋው አለ፤ ልጓም ሲወልቅ ፈረሱ ራሱ አፉን ከፍቶ ብረቱን እስኪለቅ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በችኮላ ተስቦ የወጣ ብረት ከጥርሱ ጋራ ይጋጫል፤ የነገው እንቢታም የሚዘራው ያን ጊዜ ነው። የማታው ማውለቅ ያበላሸውን የጧቱ ማባበል በቀላሉ አያቃናውም።

በአማርኛችን ልጓም ይገባል ብቻ አንልም፤ ልጓም ማጉረስም እንላለን። ማጉረስ የግድ ቃል አይደለም። ሰው ወዳጁን ያጐርሳል፥ እናት ልጇን ታጐርሳለች፤ አጉራሹ እጁን ይዘረጋል፥ ጐራሹ አፉን ይከፍታል፤ ከሁለቱ አንዱ እንቢ ካለ ጉርሻ የለም። ቃሉን የሠሩት አባቶች ፈረስን የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ ይህ ብቻ በቂ ምስክር ነው።

ስለዚህ ልጓምን ምሳሌ አድርገን ስለ አንደበት፥ ስለ ልጅ አስተዳደግ ወይም ስለ ሕግ በምናስተምርበት ጊዜ ምሳሌውን እኩሌታ ብቻ እንዳንወስድ እንጠንቀቅ። ብረቱ እንደሚገታ ሁሉም ያውቃል። ብረቱ ከመግታቱ በፊት ግን አንድ ሰው ማልዶ ተነሥቶ፥ ብረቱን በመዳፉ አሙቆ፥ ፈረሱ አፉን እስኪከፍት ድረስ ቆሞ ጠብቆአል። ‹‹ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው›› ይላሉ አባቶች። ዛሬም በእንጅባራ ሜዳው አለ፥ በየከተማው ዳርም ፈረሱ አለ፤ እንዲህ ቆሞ የሚጠብቀውን እጅ ማስተማር ግን የእኛ ዕዳ ነው።